በጓሮ ያየኋት እናት ውሻ፤ አርቢዋ በቸልተኝነቷ በወንጀል ልትጠየቅ ትችላለች?

የቡኒ እናት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልን። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ከለንደን ወጣ ባለ ከተማ ውስጥ ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ «ውሻ ግዢልኝ» ስትል ኖራ፣ ባለፈው ወር በኢንተርኔት ማስታወቂያ ካገኘኋት አርቢ ዘንድ አንዲት ቡናማ ኮካፑ (የኮከር ስፓኒየልና የፑድል ድቅል) ቡችላ በ900 ፓውንድ ገዛሁላት፤ ስሟንም ቡኒ አልናት። ማስታወቂያው «በቤት ውስጥ ከቤተሰብ ጋር ያደገች፣ 8 ሳምንት የሞላት፣ ክትባት የጀመረች» ይላል። ስንደርስ ሳሎኑ ንጹሕ ነው፤ ምንጣፉ ላይ አንዲት የተበጠረች ውሻ ተኝታለች፤ ሴትዮዋም «እናቷ ይቺ ናት» አለችን። ቡችላዋ ግን የመጣችው ከውሻዋ ጉያ ሳይሆን ከጓሮ በር፣ በፎጣ ተጠቅልላ ነበር፤ የሽንት ሽታዋም ገና ሳትታቀፍ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ልጄ ግን አቅፋ ደረቷ ላይ ለጥፋት ስለነበር «ተይው እንሂድ» ለማለት አቅም አጣሁ።

ልጄ መጸዳጃ ቤት ስትጠይቅ ሴትዮዋ በኩሽና በኩል አሳለፈችን፤ የጓሮው በር ተከፍቶ ነበርና በስተጀርባ ያለውን የእንጨት መጋዘን ውስጡን አየሁት። የሽቦ ሳጥኖች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ተቀምጠዋል። ከታች ባለው ሳጥን ውስጥ ቡናማ ውሻ ቆማለች፤ ጸጉሯ ተጠላልፎ እንደ ሱፍ ምንጣፍ ስለ ጠነከረ ዓይኗ አይታይም፤ ጥፍሯ አድጎ ወደ ውስጥ ተቆልምሟል፤ ጡቷ ተንጠልጥሎ ሽቦውን ይነካል፤ የውኃ ሳሕኗ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል። ከሁሉ የከበደኝ ግን አለመጮኋ ነው። ውሻ ሆና እንግዳ ስታይ አንገቷን እንኳ አላቀናችም።

በሦስተኛው ቀን ቡችላዋ ተቅማጥ ያዛት። ሐኪሙ ሆዷ በትል ተነፍቶ፣ ጆሮዋ ቆስሎ፣ ቁንጫ ወሯት አገኛት፤ ጥርሷን አይቶም ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላትም አለኝ። ማይክሮቺፕም (ከቆዳ ሥር የሚቀበረው መለያ) የላትም። እስካሁን ለሕክምና 640 ፓውንድ ከፍያለሁ። ለሴትዮዋ ስደውል «መልሺያትና ግማሹን እሰጥሻለሁ፤ ነገር ካበዛሽ ግን አንድ ሳንቲም አታገኚም» አለችኝ። ባለቤቴም ገንዘቤን ተቀብዬ ነገሩን እንድዘጋው ይመክረኛል።

እኔ ባደግኩበት ቤት ውሻ ደጅ ያድራል፣ ፍርፋሪ ይበላል፤ ሐኪም የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሌላውን ለመውቀስ የምቸኩል ሰው አይደለሁም። የእኛ ውሻ ግን ሰፈሩን እንዳሻው ሲዞር ውሎ ማታ ይመለስ ነበር እንጂ በሽቦ ሳጥን ውስጥ እየወለደ አልኖረም። ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሴትዮዋ ውሻዋን ስትመታ አላየሁም፤ ያየሁት ትታት ነው። አለመንከባከብ ብቻውን እዚህ አገር ወንጀል ነው? ከሆነ የሚከስሳት ማነው? የእኔ የገንዘብ ጉዳይ ቢያልቅ እንኳ ያቺ እናት እዚያው ሳጥን ውስጥ መቅረቷ ነው?

አስተርጓሚው

እህታችን፣ ጠበቃ አይደለሁም፤ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ብዙ ዓመት ስለ ሠራሁ ሕጉን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ጽሑፌን የሕግ ምክር ሳይሆን የመንገድ ምልክት አድርገው ይውሰዱት። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሱ አዎን ነው፤ አለመንከባከብ ብቻውን ወንጀል ነው። በእንግሊዝና በዌልስ የሚሠራው የ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ሲሆን በእርስዎ ጉዳይ ሁለት አንቀጾቹ ይሠራሉ። አንቀጽ 4 ሰው በድርጊቱ ወይም ማድረግ ያለበትን ባለማድረጉ እንስሳን ያለ አስፈላጊነት ካሠቃየ ወንጀለኛ ያደርገዋል። አንቀጹ «አውቆ ያደረገ» ብሎ አያቆምም፤ «ማወቅ ይገባው የነበረ»ንም ይጨምራል። ስለዚህ አርቢዋ «መታመሟን አላወቅሁም» ብትል፣ ፍርድ ቤቱ የሚመዝነው በእሷ ቦታ ያለ አስተዋይ ሰው ያውቀው ነበር ወይስ አያውቀውም የሚለውን ነው። ዓይኗ በጸጉር የተሸፈነ ውሻ በየቀኑ ውኃ የሚሰጣት ሰው ሊስታት አይችልም። በየቀኑ ውኃ የሚሰጣት ሰው ከሌለም ያው ሌላ ጥፋት ነው።

አንቀጽ 9 ደግሞ ከዚህም ይሰፋል። እንስሳ ያለው ሰው ሁሉ አምስት ነገሮችን የማሟላት ግዴታ አለበት፤ ተስማሚ ማደሪያ፣ ተስማሚ ምግብና ውኃ፣ እንደ ተፈጥሮው የመንቀሳቀስ ዕድል፣ እንደ ዐመሉ ከሌሎች ጋር ወይም ተለይቶ መኖር፣ ከሕመምና ከጉዳት መጠበቅ። ይህን ግዴታ መጣስ በራሱ ወንጀል ነው፤ እንስሳው ገና ሥቃይ ላይ እስኪወድቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ከ2006 በፊት ይሠራ የነበረው የ1911ዱ ሕግ ጉዳቱ እስኪደርስ የሚጠብቅ ስለነበር፣ መርማሪ በረት አይቶ «ይህ ነገር ወደ መጥፎ እየሄደ ነው» ቢልም ብዙ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይመለስ ነበር።

ቅጣቱም ተለውጧል። በአንቀጽ 4 የሚያስቀጣው ወንጀል ለብዙ ዓመታት ከስድስት ወር በላይ እስራት አልነበረውም፤ ከሰኔ 29 ቀን 2021 ጀምሮ ግን እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። ከእስራቱ ይልቅ ለአርቢ የሚያስፈራው ግን ሌላው ይመስለኛል፤ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛውን እንስሳ ከመያዝ፣ ከመሸጥና ከማጓጓዝ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለዘለቄታው ሊያግደው፣ ያሉትንም እንስሳት ሊወስድበት ይችላል። መቀጮ ከሚቀጥለው የቡችላ ሽያጭ ይከፈላል፤ እገዳ ግን ሽያጩን ራሱን ያቆመዋል።

ማን ይከሳል ላሉት፣ ሦስት በሮች አሉ። የመጀመሪያው የአርቢዋ ካውንስል (የአካባቢዋ አስተዳደር) ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። በእንግሊዝ ከ2018 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያስወልድና ቡችላ የሚሸጥ፣ ወይም ከዚያ ባነሰ ቁጥርም ቢሆን ውሻ ማራባትን ንግድ አድርጎ የያዘ ሰው ከካውንስሉ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ፈቃድ ያለው ሰው ቡችላ ከ8 ሳምንት በታች አይሸጥም፤ ገዢው ቡችላዋን ከወለደቻት እናት ጋር ማየት አለበት፤ አንዲት ውሻ በ12 ወር ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ፣ በዕድሜዋ ደግሞ ከስድስት ጊዜ በላይ አትወልድም። ፈቃድ ሳይኖራት የምትሠራ ከሆነች ይህ ለብቻው ወንጀል ነው፤ ማስረጃውም ማስታወቂያዎቿን መቁጠር ስለሆነ የሐኪም ክርክር አያስፈልገውም። በሁለተኛ ደረጃ አር.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. የሚባለው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር አለ። ይህ ማኅበር በ1824 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከመንግሥት የተለየ ሥልጣን ተሰጥቶት ሳይሆን በእንግሊዝና በዌልስ ማንም ሰው የግል የወንጀል ክስ ማቅረብ ስለሚችል በዚያ መብት ይከሳል። ስለዚህም መርማሪው በር አንኳክቶ ካልተፈቀደለት በራሱ ሥልጣን አይገባም፤ ሲያስፈልግ ፖሊስ ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው ፖሊስ ነው፤ እንስሳው በሥቃይ ላይ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ፖሊስ ወይም የካውንስል መርማሪ ከዚያው ሊያነሣው ይችላል።

የ«እናቷ ይቺ ናት» ጉዳይ ለሕጉ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ላስረዳ። በ2013 ከአንድ የዌልስ ማራቢያ የወጣች ሉሲ የምትባል፣ ካቫሊየር ከሚባለው ዝርያ የሆነች ውሻ ነበረች፤ በጠባብ ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ስትወልድ ኖራ ጀርባዋ ጎብጦ፣ ዳሌዋ ደርቆ ነው የተገኘችው። በ2016 መጨረሻ ሞተች። በስሟ የተጠራው ደንብ ከሚያዝያ 6 ቀን 2020 ጀምሮ በእንግሊዝ ከስድስት ወር በታች የሆነ ቡችላን ደላላና የእንስሳት ሱቅ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ገዢው ከአርቢው እጅ፣ እናቲቱን እያየ እንዲገዛ ለማድረግ። ሳሎን ውስጥ ሌላ ውሻ አስተኝቶ ማሳየት ከዚህ ማምለጫ መንገድ ነው፤ ሕጉ እናት አሳዩ ሲል እናት የምትመስል ተከራየች።

ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ሥቃይን ማስረዳት ቢከብደው እንኳ ሌላ መንገድ አለው። ዕድሜዋን፣ እናቷን፣ ክትባቷን በሐሰት ገልጾ ገንዘብ መቀበል በ2006ቱ የማጭበርበር ሕግ እስከ አሥር ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ ቡችላ ነጋዴዎችም በዚህ ተፈርዶባቸዋል። የግብር መሥሪያ ቤቱም ዓይኑን ጥሎባቸዋል፤ በ2019 ካስታወቀው እንደሚታየው ከቡችላ ነጋዴዎች ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ያልተከፈለ ግብር ሰብስቧል።

የገንዘብዎ ጉዳይ ሌላ መስመር ነው። ሻጯ ይህን እንደ ንግድ የምትሠራው ከሆነ በ2015ቱ የሸማቾች መብት ሕግ በ30 ቀን ውስጥ ቡችላዋን መልሰው ሙሉ ገንዘብዎን መጠየቅ ይችላሉ፤ ሊመልሷት ካልፈለጉም (እንደማይፈልጉ ከስምዎ ገባኝ) የሕክምና ወጪውን በአነስተኛ የገንዘብ ክርክር ችሎት መጠየቅ ይቻላል። ልዋጭ ወይም የዋጋ ቅናሽ ሲጠየቅ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ የታየ ጉድለት ስትሸጥ እንደነበረ ስለሚገመት፣ «አልነበረም» ብሎ ማስረዳት የሻጯ ዕዳ ነው። ገንዘቡን ቢቀበሉም በወንጀሉ ከመመስከር የሚያግድዎ የለም። «ዝም እላለሁ» የሚል ወረቀት ግን እንዳይፈርሙ።

የክሊኒኳ

እኔ በእንስሳት ክሊኒክ በነርስነት እሠራለሁ። አስተርጓሚው የጻፉት ላይ የምጨምረው ሥጋና ጥፍር ስለሚናገረው ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ደርሰው ሲወድቁ ብዙ ጊዜ የሚወድቁት በሕጉ ሳይሆን «ይህ ሁኔታ ስንት ጊዜ ቆየ?» በሚለው ጥያቄ ነው። አርቢው «ትናንት ነው የታመመችው፣ ነገ ልወስዳት ነበር» ይላል። ጊዜን የሚያስረዳው የእንስሳው አካል ነው።

ጥፍር በአንድ ሳምንት አይቆለመምም፤ ለዚያ ወራት ይፈልጋል። ጸጉር ተጠላልፎ እንደ ሱፍ ምንጣፍ ለመጠንከርም እንዲሁ፤ እኛ ጋር እንዲህ ያለ ውሻ ሲመጣ የተላጨውን ጸጉር አንጥለውም፤ በሚዛን መዝነን፣ በከረጢት አሽገን፣ ቀን ጽፈን እናስቀምጠዋለን። የሰውነት ውፍረትና ክሳት ደግሞ ከ1 እስከ 9 በሚሄድ መለኪያ ይመዘገባል፤ «ከስታለች» የሚል ሪፖርት ማንም ይከራከረዋል፣ «ከ9 መለኪያ 2፤ የጎድን አጥንቷ በግልጽ ይታያል» የሚለውን ለመከራከር ግን ይከብዳል።

የቡችላዎን ሐኪም ይህን ይጠይቁልኝ። አንደኛ፣ ዕድሜዋን «ወጣት ናት» ብሎ ሳይሆን የትኛው የወተት ጥርስ ወጥቶ የትኛው እንዳልወጣ በዝርዝር ይጻፍ፤ የፊቶቹ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ብቅ ይላሉ፣ የመንጋጋዎቹ ግን ዘግይተው ነው የሚመጡት፣ ስለዚህ ጥርስ የልደት ወረቀት ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የትሉ ዓይነት ይመርመር። ቡችላ ላይ የምናገኘው ክብ ትል በአብዛኛው ከእናት በማሕፀንና በጡት ወተት የሚተላለፍ ነው፤ ቡችሎች ከሁለት ሳምንት ዕድሜያቸው ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ መድኃኒት የሚሰጣቸውም ለዚሁ ነው። ሆዷ በትል የተነፋ ቡችላ ማለት ለእናቲቱም ለእሷም መድኃኒት ያሰበላቸው ሰው አልነበረም ማለት ነው። (ይህ ትል ወደ ልጆችም ስለሚተላለፍ ልጅዎ ካቀፈቻት በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ፤ ዐይነ ምድሯንም ቶሎ አንሡ።) ሦስተኛ፣ ሐኪሙ «ቸልተኝነት ነው» ብሎ እንዲፈርድ አይጫኑት። ያየውን ይጻፍ፤ ፍርዱ የዳኛው ነው። ሐኪም ስሜቱን ከጻፈ የተከሳሹ ጠበቃ ስሜቱን ይዞ ይከራከራል።

ሳሎን ውስጥ የነበረችው ውሻ ፎቶ አለዎት? ልጆች ቡችላ ሲገዙ ስልካቸው አያርፍምና ይፈልጉ። ከአምስትና ከስድስት ሳምንት በፊት የወለደች ውሻ ጡቷ ያስታውቃል። የተኛችው ውሻ ሆዷ ልሙጥ ሆኖ ከታየ እናት አለመሆኗን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ ጉዳዩ ከገፋም ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና ዘረመል ተመርምሮ የእናትና የልጅ ዝምድና ይለያል።

ሐኪሞች የደንበኛ ምስጢር እንጠብቃለን ብለው እንዳያመነቱብዎት ደግሞ፣ የሙያ ማኅበራቸው ደንብ የእንስሳ ደኅንነት ሲነካ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅን ይፈቅዳል።

የገጠር ልጅ

የተለየ ሐሳብ ስላለኝ ይቅርታ። እኔ ራሴ ውሻዬን ሁለት ጊዜ አስወልጄ ቡችሎቿን ለወዳጆቼ ሰጥቻለሁ፤ ፈቃድም አልነበረኝም፣ አያስፈልገኝምም ነበር። ጭካኔ ማለት ለእኔ ዱላ፣ የፈላ ውኃ፣ ድንጋይ ነው። ችላ ማለትን ወንጀል ስናደርገው መጀመሪያ የሚያዘው ትልቁ ነጋዴ ሳይሆን ለሐኪም የሚከፍለው ያጣው ጡረተኛ እንዳይሆን እሠጋለሁ። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ ሌላው አርቢ ሁለት ሺህ የሚሸጠውን በ900 አግኝተን «ርካሽ ነው» ብለን የምንሮጠው እኛው ነን። የፎጣው ሽታ እያለ ገንዘቡ ተከፍሏል። ጠያቂዋን ለመውቀስ አይደለም፤ ሕግ ሻጭን ብቻ ሲያሳድድ ገዢው ነገ ሌላ መጋዘን ያስከፍታል ለማለት ነው።

አስተርጓሚው

የገጠር ልጅ፣ ስለ ገዢው ያሉት ልክ ነው፤ አልከራከርም። ስለ ጡረተኛው ግን ሕጉ አስቦበታል። በአንቀጽ 10 መሠረት መርማሪው ጉድለቱን፣ መስተካከል ያለበትንና የጊዜ ገደቡን በጽሑፍ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያስተካከለ ሰው በዚያ ጉድለት አይከሰስም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎችም እንደ ፒ.ዲ.ኤስ.ኤ. ያሉ የበጎ አድራጎት ክሊኒኮች አሉ። አቅም አጥቶ መርዳት ያልቻለን ሰው፣ ከዚያችው ውሻ ቡችላ በ900 እየሸጠ ለጥፍር መቁረጫ ካላወጣ ሰው ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም። ዳኞችም ሲቀጡ ከድርጊቱ ትርፍ መገኘቱን እንደ ማክበጃ ይቆጥሩታል።

የቨርጂኒያው

ከዚህኛው የውቅያኖስ ማዶ አንድ ነገር ላካፍል፤ ብዙዎቻችን ያለነው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ነውና ጥያቄው እኛንም ይመለከታል።

እዚህ የፌዴራሉ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ከ1966 ጀምሮ አለ፤ በጅምላ ወይም ገዢው ሳያይ በኢንተርኔት የሚሸጡና ከአራት በላይ የሚያስወልዷቸው ሴት ውሾች ያሏቸው አርቢዎች ከግብርና ሚኒስቴር ፈቃድ ያወጣሉ፣ ይፈተሻሉም። ችግሩ ፍተሻ ሌላ፣ ተጠያቂነት ሌላ መሆኑ ነው። በእኛው ግዛት በከምበርላንድ ካውንቲ ኤንቪጎ የሚባል ኩባንያ ለምርምር ቤተ ሙከራዎች ቢግል የሚባሉ ውሾች ያራባ ነበር። በ2021 የገቡ የሚኒስቴሩ ፈታሾች ያገኙትን ጽፈዋል፤ በሰባት ወር ገደማ ውስጥ ከ300 በላይ ቡችሎች «ምክንያቱ ባልታወቀ» ሁኔታ ሞተዋል፤ የሚያጠቡ እናቶች እስከ 42 ሰዓት ምግብ ተከልክለዋል። ይህ ሁሉ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሳለ ድርጅቱ ሥራውን ቀጠለ። የፍትሕ ሚኒስቴር በፍርድ ቤት የፍተሻ ትእዛዝ የገባው በግንቦት 2022 ነው፤ 446 ውሾች በአስቸኳይ ሁኔታ ተወሰዱ፣ ዳኛው የእግድ ትእዛዝ ሰጡ፣ በዚያው በጋ ወደ 4,000 የሚጠጉ ውሾች ለአሳዳጊ ተላለፉ። አንዷ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቤት አልፎ ትኖራለች፤ የሣር ስሜት አዲስ ሆኖባት መጀመሪያ ሰሞን ሣር ላይ መርገጥ ትፈራ ነበር ይላሉ ባለቤቶቿ።

ቅጣቱን ስሙ። በሰኔ 2024 የኩባንያው ሁለት ክፍሎች ጥፋተኛነታቸውን አመኑ፤ በአጠቃላይም ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍሉ ተስማሙ። ነገር ግን በውሾቹ ላይ የተፈጸመው በፌዴራሉ ሕግ ቀላል ወንጀል ሲሆን፣ ከባድ ወንጀል ተብሎ የተመዘገበው የንጹሕ ውኃ ሕግን መጣሱ፣ ማለትም በአግባቡ ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝ መልቀቁ ነው። ከውሾቹ ይልቅ በሕጉ ሚዛን የከበደው ፍሳሻቸው ነበር። ይህን ያነሣሁት አስተርጓሚው ያሉትን ለማጠናከር ነው፤ ሥቃይን ብቻ ይዞ ከመሄድ ፈቃዱን፣ ማጭበርበሩን፣ ግብሩን፣ ፍሳሹንም ማየት ይጠቅማል።

ለቨርጂኒያ ነዋሪዎች ደግሞ፣ የግዛቱ ሕግ እንስሳን አስፈላጊ ምግብ፣ ውኃ፣ መጠለያ ወይም አስቸኳይ ሕክምና መንፈግን በራሱ የጭካኔ ወንጀል ያደርገዋል፤ እስከ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር መቀጮም አለው። ከነጋዴ የገዛችሁት ቡችላ በ10 ቀን ውስጥ በሐኪም ምስክር ወረቀት ታማሚ ሆኖ ከተገኘ የመመለስ መብት አላችሁ። ጥቆማውን የሚቀበለው የካውንቲው የእንስሳት ጉዳይ ኃላፊ ነው። ባለሥልጣን ካልደወለላችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ ደውሉ፤ የደወላችሁበትን ቀን ጻፉ። ከኤንቪጎ የተማርኩት ወረቀት ብቻውን በር እንደማይከፍት ነው።

የቡኒ እናት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የገጠር ልጅ ያሉት ቢያመኝም እውነት ነው፤ ሽታውን አሽትቼ ነው የከፈልኩት።

ነርሷ እንዳሉት የልጄን ስልክ ፈተሽን። ለጓደኞቿ ልታሳይ የቀረጸችው የ11 ሰከንድ ቪዲዮ ተገኘ፤ ሳሎን ያለችው ውሻ ተንከባልላ ሆዷን ለልጄ ስትሰጥ ይታያል፤ ልሙጥ ነው። ከዚያ ካሜራው ወደ ኩሽና ሲዞር ለሁለት ሰከንድ ያህል የጓሮው መጋዘንና የታችኛው ሳጥን አሉ። ቪዲዮውን ለማንም አላሰራጨሁትም፤ ልጄንም አስጠንቅቄአታለሁ፤ ሴትዮዋ ከሰማች ውሾቹን በሌሊት ታወጣቸዋለች ብዬ ፈራሁ።

ሐኪሙ የጥርሱንና የትሉን ውጤት በደብዳቤ ጽፎልኛል። ማስታወቂያዎቿንም ስቆጥር በተመሳሳይ ስልክ ቁጥር፣ በሦስት የተለያዩ ስሞች፣ ከዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ የተወለዱ ቡችሎች አገኘሁ፤ ሁሉንም ከነቀናቸው ፎቶ አንሥቻለሁ። ትናንት በእሷ ካውንስል የፈቃድ ክፍል ደውዬ ሁሉንም ላክሁ፣ ለአር.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ.ም አሳወቅሁ። ገንዘቡን በሚመለከት ደብዳቤ ጽፌ 14 ቀን ሰጥቻታለሁ፤ ቡኒን ግን አልመልስም።

ዛሬ ጠዋት የካውንስሉ መርማሪ ደወለልኝ። ስለ ቡችላዋ ብዙ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ የመጋዘኑ በር ከኩሽናው መስኮት ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ፣ ከታችኛው ሳጥን በላይ ስንት ሳጥን እንዳየሁና፣ ቡናማዋ ውሻ ስትቆም እግሯ ቀጥ ይል እንደነበር ነው። ለመጨረሻው ጥያቄ ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። ጭንቅላቷ የሳጥኑን ጣሪያ ይነካል፤ እግሯ ግን አጥፋዋለች።